የጥርስ ሕክምና ለመማር ናይሮቢ ወይስ አዲስ አበባ? የሞያሌ ተማሪዎች ምርጫና ሙሉ ዋጋው

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንድ ስም ይዛ ለሁለት አገራት የተከፈለችው ከተማ በኬንያ በኩል በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ናት። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማሉ። ብዙ ቤተሰቦች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ዘመድ አላቸው። ሁለቱን አገራት የሚያገናኘው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በእአአ ታኅሣሥ 2020 በይፋ ከተመረቀ ወዲህ ጉዞው ከቀድሞው ቀሏል።

በዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀና የጥርስ ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ወጣት ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም መመልከት ይችላል። የመንገዱ ርዝመት ተቀራራቢ ነው። የትምህርቱ ወጪ፣ ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የሙያ ፈቃድና ወደ ስፔሻላይዜሽን የሚያደርሰው መንገድ ግን እጅግ ይለያያሉ።

የባለሙያው እጥረት ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ጤና ችግሮች በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚያጠቁ ገልጿል። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና በ2014 እና በ2019 መካከል ለ10 ሺህ ሰዎች የነበሩት የጥርስ ሐኪሞች 0.33 ብቻ ነበሩ። ይህም ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛው ገደማ ነው።

ሆኖም እጥረቱ መኖሩ ብቻ ለተመራቂው ሥራ አያረጋግጥለትም። ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚመርጡት የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ አይተው ወይም የተቋሙን ስም ሰምተው ነው። በድንበር ከተማ ግን ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ተማሪው ሲመረቅ የሚሠራው በየትኛው አገር ነው?

የሙያው ደረጃዎች

የጥርስ ሕክምና አንድ ወጥ ሙያ አይደለም። መሠረቱ አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም የሚያደርገው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ይህ ዲግሪ ጥርስ መንቀል፣ መሙላት፣ የጥርስ ሥር ማከም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መትከልና የድድ ሕመምን ማከም ያስተምራል። ስፔሻላይዜሽን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሲሆን እንደ ዘርፉና እንደ አገሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ዋና ዋናዎቹ የስፔሻላይዜሽን ዘርፎች የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና፣ የተጣመመ ጥርስና መንጋጋ ማስተካከል (ኦርቶዶንቲክስ)፣ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና፣ የጥርስ ሥር ሕክምና፣ የድድ ሕክምናና የሰው ሠራሽ ጥርስ ሕክምና (ፕሮስቶዶንቲክስ) ናቸው። በአሜሪካ 12 ዘርፎች በይፋ ዕውቅና አላቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ሥልጠና የሚሰጥባቸው ዘርፎች ከዚህ ያነሱ ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይዘነጋል። አንድ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጀምር ስፔሻላይዜሽን አይመርጥም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሚያስገኝለት ሰፊ መሠረት፣ የተግባር ልምድና ዕውቅና ያለው ዲግሪ ነው። ስለዚህ "ኦርቶዶንቲስት መሆን ስለምፈልግ" በሚል ውድ ትምህርት ቤት የሚገባ ተማሪ ለስፔሻላይዜሽኑ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል።

ከዲግሪው በታች ያሉ የሥራ መስኮችም አሉ። በኬንያ የሕክምና ሥልጠና ኮሌጅ የማኅበረሰብ የአፍ ጤና ባለሙያዎችንና የጥርስ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎችን በሦስት ዓመት ዲፕሎማ ያሠለጥናል። ቶሎ ገቢ ማግኘት ለሚያስፈልገው ተማሪ ይህ መንገድ አጭር ነው። ሆኖም የጥርስ ሐኪም ፈቃድ አያሰጥም፤ የሚሠሩትንም የሕክምና ዓይነቶች ሕግ ይወስናቸዋል።

በኬንያ በኩል ያለው መንገድ

በኬንያ የጥርስ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እአአ በ1974 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በተግባር የሚማሩበት የራሱ የጥርስ ሆስፒታል አለው። በኤልዶሬት የሚገኘው የሞይ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) ይከተላል።

የመንግሥት ምደባና ድጋፍ የሚያገኙት ኬንያዊ ዜግነት ያላቸውና የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የወሰዱ ተማሪዎች ናቸው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዝቅተኛው አማካይ ውጤት "ሲ ፕላስ" ቢሆንም፣ ለጥርስ ሕክምና የሚደረገው ፉክክር ከዚያ እጅግ የላቀ ውጤት ይጠይቃል። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ያለው ውጤት በተለይ ይታያል።

የክፍያው ሥርዓት በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ተለዋውጧል። መንግሥት እአአ በ2023 ተማሪዎችን በቤተሰባቸው ገቢ በአምስት መደቦች የሚከፍል አዲስ የፋይናንስ ሥርዓት አስተዋወቀ። በዚህ ሥርዓት ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ከትምህርት ወጪው 70 በመቶውን በድጎማ፣ 25 በመቶውን በብድር ሲያገኝ ቤተሰቡ 5 በመቶ ይከፍላል። በከፍተኛው መደብ ያለ ቤተሰብ ግን 40 በመቶውን እንዲሸፍን ይጠበቃል። በታኅሣሥ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ወሰነ፤ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄደ። በመሆኑም ተማሪው ከታላላቆቹ የሰማውን ክፍያ ሳይሆን በሚገባበት ዓመት የሚሠራበትን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ለጥርስ ሕክምና ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ካሉት እጅግ ውድ መስኮች አንዱ ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ድርሻ በመቶኛ ትንሽ ቢመስልም በሽልንግ ሲሰላ ብዙ ነው። ከኬንያ ውጪ የመጣ ተማሪ ደግሞ ድጎማም ብድርም ስለማያገኝ ሙሉውን ይከፍላል።

ለድንበር ነዋሪዎች መታወቂያ ራሱ የወጪው አካል ሆኖ ቆይቷል። የከፍተኛ ትምህርት ብድር ለመጠየቅ ብሔራዊ መታወቂያ ያስፈልጋል። በሰሜን ኬንያ የድንበር አካባቢ ወጣቶች ግን ለዓመታት ተጨማሪ የማጣራት ሂደት ይጠብቃቸው ነበር። ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ በየካቲት 2025 በዋጂር ይህ ልዩ ማጣራት እንዲቀር የሚያዝ ውሳኔ ፈርመዋል። አንድ ተማሪ 18 ዓመት እንደሞላው ማመልከቻውን ካስገባ፣ ምደባው ሲመጣ ብድሩ በወረቀት ጉድለት አይዘገይበትም።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው መንገድ

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የጎንደርና የመቀለ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና ያስተምራሉ። በአዲስ አበባ የግል ኮሌጆችም በመስኩ አሉ። ትምህርቱ የተግባር ልምምዱን ጨምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ዋናው መሰናክል መግቢያው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጥርስ ሕክምና ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ከፍተኛ ውጤት ያላቸው የሚፎካከሩበት መስክ ነው።

ምደባውን ያገኘ ተማሪ ግን ሲመዘገብ የሚጠየቀው ገንዘብ አነስተኛ ነው። ከእአአ 2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ለመክፈል ውል ይገባል። ክፍያውን የሚፈጽመው ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ገቢ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ነው።

ዕዳው ቀላል ቢመስልም ድንበር ለሚሻገር ሰው ሌላ ገጽታ አለው። ዩኒቨርሲቲዎች ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ከመስጠታቸው በፊት የወጪ መጋራት ክፍያው መጠናቀቁን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በመንግሥት የተማሩ የሕክምና ባለሙያዎች የአገልግሎት ግዴታም ሊኖርባቸው ይችላል። ናይሮቢ ላይ ለመመዝገብ የሚፈልግ ተመራቂ ዋናው ዲግሪ ስለሚያስፈልገው፣ ቀስ በቀስ ይከፈላል የተባለው ዕዳ በአንድ ጊዜ ሊመጣበት ይችላል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ፈተናዎች አሉ። ከእአአ 2019 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳሉ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ለግል ኮሌጅ የሚከፍል ቤተሰብ ከክፍያው ዝርዝር ጋር የተቋሙ ተማሪዎች በእነዚህ ፈተናዎች ያስመዘገቡትን ውጤት ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የጸጥታው ሁኔታም ከሒሳቡ አይወጣም። የትግራይ ጦርነት የመቀለን ተማሪዎች ትምህርት አቋርጧል። በአማራ ክልል በእአአ 2023 የተቀሰቀሰው ግጭትም በክልሉ የሚማሩትን ጉዞና የትምህርት ጊዜ አስተጓጉሏል። በስድስት ዓመት ትምህርት ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ዓመት የኑሮ ወጪም የታጣ ደመወዝም ነው።

ድንበሩን በራሱ የማይሻገር ዲግሪ

ሁለቱ ሞያሌዎች በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ናቸው። የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ግን በእግር አይሻገርም።

በኬንያ ሐኪሞችን የሚመዘግበውና ትምህርት ቤቶችን የሚገመግመው የኬንያ የሕክምና እና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ነው። ከውጭ አገር የተመረቀ ሰው ወደ ተግባር ልምምድ ከመግባቱ በፊት የምክር ቤቱን ፈተና ማለፍ አለበት። የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያ፣ የሩዋንዳና የቡሩንዲ ተቆጣጣሪ አካላት ግን የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን በጋራ የሚመረምሩበትና አንዱ የሌላውን ተመራቂ የሚቀበልበት ስምምነት አላቸው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ተመራቂዎቿ በዚህ መንገድ አያልፉም።

ስለዚህ በኬንያ መሥራት ለሚፈልግ የሞያሌ ተማሪ፣ በካምፓላ የማኬሬሬ ወይም በዳሬሰላም የሙሂምቢሊ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ በርቀት ቢበልጡም በፈቃድ ረገድ ይቀርባሉ። በተቃራኒው በናይሮቢ ተምሮ በኢትዮጵያ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግመታ ማሠራት፣ ከዚያም የጤና ባለሙያ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

የቋንቋም ነገር አለ። በሁለቱም አገራት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከሦስተኛው ዓመት ገደማ በኋላ ግን ተማሪው ከታካሚ ጋር ይገናኛል። በናይሮቢ ሕመሙን የሚነግረው ታካሚ በአብዛኛው በስዋሂሊ፣ በአዲስ አበባ በአማርኛ፣ በጅማ ደግሞ በኦሮምኛ ይናገራል። ብዙ ቋንቋ ሰምቶ ያደገ የሞያሌ ልጅ በዚህ ረገድ ከሌሎች የተሻለ ዕድል አለው።

ሙሉው ወጪ ሲሰላ

የጥርስ ሕክምና ከሌሎች የጤና ትምህርቶች የሚለይበት አንዱ ነገር ተማሪው ራሱ በእጁ የሚሠራው ሥራ ብዛት ነው። ለመመረቅ የተወሰነ ቁጥር ያለው ጥርስ መሙላት፣ መንቀል፣ የጥርስ ሥር ማከምና ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ይጠበቅበታል። ወንበር፣ መሣሪያ፣ የመሙያ ቁሳቁስ ወይም ታካሚ ካጣ ምረቃው ይዘገያል። ስለዚህ ርካሹ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ርካሽ አይሆንም፤ ውዱም ሁልጊዜ የተሻለ የተግባር ሥልጠና አይሰጥም።

ሙሉው ወጪ ቢያንስ ስድስት ነገሮችን ያካትታል፦ የትምህርት ክፍያ፣ የኑሮ ወጪ፣ ተማሪው የሚገዛቸው የእጅ መሣሪያዎችና መለማመጃዎች፣ የጉዞ ወጪ፣ የፈተናና የምዝገባ ክፍያዎች፣ እንዲሁም ሥራ ሳይያዝ የሚያልፈው ጊዜ። የመጨረሻው በምዝገባ ቅጽ ላይ አይጻፍም። በኬንያ እአአ በ2024 ለ56 ቀናት የቆየው የሐኪሞች የሥራ ማቆም አድማ አንዱ ምክንያት የተለማማጅ ሐኪሞች ምደባና ክፍያ ነበር። ማኅበሩ በ2017ቱ ስምምነት መሠረት በወር 206 ሺህ ሽልንግ ይከፈል ሲል መንግሥት 70 ሺህ ሽልንግ አቅርቦ ነበር። ውዝግቡ የጥርስ ሐኪሞችንም ይነካል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ እነርሱንም ያቅፋልና። በኢትዮጵያም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር።

በሁለት ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ የምንዛሪውን አደጋም ማስላት አለበት። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደች በኋላ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ የማያንስ ዋጋውን አጥቷል። በብር እያተረፈ በሽልንግ ወይም በዶላር የሚከፍል ነጋዴ ልጁ ሁለተኛ ዓመት ሳይደርስ ዕቅዱ ሊፈርስበት ይችላል። በሽልንግ የሚያተርፍና በብር የሚከፍል ቤተሰብ ግን በተመሳሳይ ጊዜ ተጠቅሟል።

የትኛው ስፔሻላይዜሽን፣ የት?

ወደፊት ስፔሻሊስት መሆን የሚሻ ተማሪ ሥልጠናው የሚሰጥበትን ቦታ ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በአፍና በፊት ቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት ጥርስ ሕክምና፣ በድድ ሕክምናና በሰው ሠራሽ ጥርስ ሕክምና የማስተርስ ሥልጠና ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከሌሎቹ ይልቅ ሥር የሰደደው የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ነው። ይህም ከአደጋ፣ ከዕጢና ከተሰነጠቀ ከንፈር ጋር የተያያዘውን ሰፊ ፍላጎት ያሟላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው፣ የሕፃናትን ፊት የሚያበላሸው ኖማም ከሞት የተረፉትን ለእነዚህ ሐኪሞች እጅ ይጥላቸዋል።

የአካባቢው ፍላጎት ሌሎች መስኮችንም ይጠቁማል። በኢትዮጵያና በኬንያ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ይህም የብዙዎችን ጥርስ ያበልዛል፤ ያዳክማልም። የእነዚህን ሰዎች ጥርስ መልክና አቅም መመለስ የሰው ሠራሽና የጥገና ጥርስ ሕክምና ሥራ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ባሉ ብዙ ማኅበረሰቦች ሕፃን ሲታመም ግግ ማስወጣት ወይም ያልበቀለ የወተት ጥርስ ማስወለቅ የተለመደ ሲሆን፣ ለኢንፌክሽንና ለቋሚ ጥርስ ጉዳት ይዳርጋል። የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ሥራ እዚህ ላይ ከሕክምናው ባሻገር ማስተማርም ነው።

ጥርስ ማስተካከልና የውበት ሕክምና በትልልቅ ከተሞች ጥሩ ገቢ ያስገኛሉ። በሞያሌ ዓይነት ከተማ ግን ቀዳሚው ፍላጎት ሕመም የሚያስታግስና ጥርስ የሚያድን አጠቃላይ ሐኪም ነው። በኬንያ የጤና አገልግሎት ከ2013 ጀምሮ በካውንቲዎች እጅ በመሆኑ፣ በሞያሌ የመንግሥት ሆስፒታል የሚኖረው የሥራ መደብ የሚወሰነው በማርሳቢት ካውንቲ በጀት ነው። ካውንቲዎች ሠራተኞቻቸውን ለስፔሻላይዜሽን ሲልኩ ተመልሰው እንዲያገለግሉ ውል ያስገባሉ። ገንዘብ ለሌለው ሐኪም ይህ ከሁሉ የተሻለው የስፔሻላይዜሽን መንገድ ሊሆን ይችላል።

ራቅ ያሉ አማራጮች

በሕንድ የመጀመሪያ ዲግሪው ልምምዱን ጨምሮ አምስት ዓመት፣ ስፔሻላይዜሽኑ ሦስት ዓመት ይወስዳል። የትምህርት ቤቶቹ ብዛት ምርጫውን ቢያሰፋም የጥራታቸው ልዩነት ሰፊ ነው። ሱዳን ለዓመታት ቅርብ አማራጭ ነበረች። እአአ በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን የካርቱምን ዩኒቨርሲቲዎች ዘግቶ ተማሪዎቻቸውን በትኗል።

ወደ ምዕራቡ ዓለም መሄድን የሚያልም ተማሪም ስሌቱን ቢያውቅ መልካም ነው። በአሜሪካ ዕዳ ይዘው የሚመረቁ የጥርስ ሐኪሞች አማካይ ዕዳ ወደ 300 ሺህ ዶላር ይጠጋል። በውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለመሥራት ብሔራዊውን ፈተና አልፎ፣ ዕውቅና ባለው ተቋም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንደገና ይማራል። በብሪታኒያም ለውጭ ተመራቂዎች የተዘጋጀ የምዝገባ ፈተና አለ።

ከመወሰን በፊት

ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ተማሪውና ቤተሰቡ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ቢያገኙላቸው ይመከራል፦

ትምህርት ቤቱ ተማሪው ሊሠራበት በሚፈልገው አገር ተቆጣጣሪ አካል ዛሬ ዕውቅና አለው? ዕውቅናው ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው ወይስ ለጥርስ ሕክምና ትምህርቱም ጭምር?

አንድ ተማሪ ለመመረቅ ስንት ታካሚዎችን ማከም ይጠበቅበታል? ለስንት ተማሪ ስንት የሕክምና ወንበር አለ? ባለፉት ዓመታት ትምህርቱን በጊዜው የጨረሱት ምን ያህል ናቸው?

ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል? የሚከፈለው በየትኛው ገንዘብ ነው? መሣሪያዎቹ በክፍያው ውስጥ ናቸው ወይስ ተማሪው ይገዛቸዋል?

ዋናው ዲግሪ መቼና በምን ሁኔታ ይሰጣል? ዕዳ ወይም የአገልግሎት ግዴታ አለበት?

ተመራቂዎች የተግባር ልምምድ ምደባ ለማግኘት ስንት ወር ይጠብቃሉ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ከሰጡት ትምህርት ቤቶች መካከል ተማሪው ሊሠራበት በሚፈልገው አገር ዕውቅና ያለውንና ሙሉ ወጪው ዝቅተኛ የሆነውን መምረጥ በአብዛኛው አያስቆጭም። ስፔሻላይዜሽን ከዚያ በኋላ የሚወሰን ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ ሁለት ሦስት ዓመት ታካሚዎችን አክሞ፣ የሚወደውንና የሚቀናውን ሥራ ለይቶ ሲያውቅ። ያን ጊዜ ከባድ ዕዳ ያልተሸከመ ሐኪም የሚሻውን ዘርፍ የመምረጥ ነጻነት ይኖረዋል።